ሁለቱ ነይ

ነሐሴ 20፣ እሑድ

ጥብቅ መግለጫ። ለራሴ ለጁመና፣ እንዲሁም ይህን ደብተር ሰርቆ ለሚያነብ ማንኛውም ሌባ። የሚከተለውን አስደንጋጭ ዜና የምገልጸው በከባድ ሐዘን ነው፦ ቆንጂት ሻንጣዋን አልፈታችም።

አበቃ። ተነሡና አንድ ደቂቃ ዝም በሉ።

ትናንት ነው ኦስሎ የገባነው። የኔ ሻንጣ በሩን ሳያልፍ ተዘርግፎ ክፍሉ ሰኞ ገበያ መስሏል። የሷ ግን እንደተቆለፈ አልጋ ሥር ተጋድሟል። ልብስ ስትፈልግ ዚፑን እጅ በሚያስገባ ልክ ትከፍትና ጎትታ ታወጣለች፣ የሰው ንብረት ይመስል።

"ለምን አትፈቺውም?"

"ምን ያጣድፈኛል።"

ኧረ? ቶሎ የሚነሳ እንግዳ ነው ጫማውን የማያወልቀው። ልትመለስ አስባለች ማለት ነው...

የመጣነው ለአንድ ዓመት ነው፣ በወጣቶች ልውውጥ፣ ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሕፃናት ልንጠብቅ። ጓደኛዬ ቆንጂት በማርኳ ተመረጠች፤ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት መግቢያዋን ለከርሞ አስተላልፋ። እኔ ዘጠነኛን ሁለቴ ተምሬ ሁለቴ የወደቅኩት በምን ተመረጥኩ? በአፌ ይመስለኛል። "ልጆች ትወጃለሽ?" ሲሉኝ "ራሴን በጣም ነው የምወደው" አልኩ፤ ሳቁ፤ ጻፉኝ።

እዚህ ዘመኑ 2007 ነው። ደሴን በ1999 ለቅቄ ስምንት ዓመት አርጅቼ ከአውሮፕላን ወረድኩ። መስታወት አየሁ፣ ገና ነኝ።

ቆንጂትን የሚያንገበግባት ግን ይኸው ዘመን ነው። "ዓለም ሁሉ ለሁለት ሺህ ወደ አገር ቤት ሲገባ እኛ ወጣን" አለች አውሮፕላን ላይ። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ተኛች። እጄን ይዛ።

ነሐሴ 21፣ ሰኞ

ፍሪጅ ውስጥ ቡናማ ነገር አገኘሁ። አራት ማዕዘን፣ ልሙጥ። "አይብ ነው" አለች ያረፍንባት እትዬ መሱዳ። አይብ? ይሄማ ለይቶለት የልብስ ሳሙና!

ከዚያ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳብ ከመጣልኝ ደግሞ እኔ ምን ላድርግ... ቆርሼ መታጠቢያ ቤት፣ የሳሙናው ማስቀመጫ ላይ።

ቆንጂት ተጣጥባ ወጣች። "የነሱ ሳሙና አረፋ የለውም። ሽታው ደግሞ ወተት ወተት ይላል።"

ወለሉ ላይ ተንከባለልኩ። ነገሩ ሲገባት በፎጣ ገረፈችኝ። "አንቺ ከብት! አንቺ የማትረቢ!" ከመጣን ወዲህ ድምፅዋ እንዲህ ከፍ ብሎ አልሰማሁትም። ጥሩ ነው፣ ስደቧ ካለ እሷም አለች።

እትዬ መሱዳ የቤቱ ባለቤት ናት። የደሴ ልጅ፣ የምድር ባቡር ነጂ፣ እዚሁ ሮምሶስ ሰፈር አሥራ ምናምን ዓመት የኖረች። "እትዬ አትበሉኝ፣ እዚህ አለቃም በስሙ ነው የሚጠራው" ትላለች። እንላታለን።

እራት ላይ ስልኳ ጠራ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ "ነይ... ነይ ነይ... ነይ!" ብላ ዘጋችው። ቆንጂት ብድግ ብላ አንድ ሳህን ጨመረች።

"ምነው?" አልኳት።

"እንግዳ ሊመጣ ነዋ! ስንት ጊዜ ነይ ነይ ስትላት አልሰማሽም? እንዲህ ተለምና ሳትመጣ አትቀርም።"

ወይኔ። ወላሂ ልፈነዳ ነበር። "ነይ" በነሱ ቋንቋ "አይ" ማለት እንደሆነ ገና አውሮፕላን ላይ ነው ያወቅኩት፤ ጎኔ የነበረው ሽማግሌ ያቀረቡለትን ሻይ ሁሉ "ነይ" እያለ ሲመልስ። ቆንጂት ያኔ ተኝታ ነበር። ለእትዬ መሱዳ የደወለችላት የሥራ ባልደረባዋ ናት፣ ፈረቃ ለውጪኝ ብላ። እምቢ ማለቷ ነው!

እትዬ መሱዳ ገብታ ባዶውን ሳህን አየች። ከቆንጂት ጀርባ ሆኜ ጠቀስኳት። የደሴ ሰው አይደለች? ገባት።

"ቀረች፣ ልጄ" አለች ሳህኑን እያነሣች። "ብለምናት ብለምናት..."

ነሐሴ 22፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያ ሥራ። ባርነሃገው ጋምለ ኦስሎ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከሮምሶስ በባቡር ወርደን፣ ከዚያ በትራም። አለቃችን ሲሪ ረጅም፣ ዝምተኛ ናት። "ያ" ስትል፣ አዎ ማለቷ ነው፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። ልክ የኛ ሰፈር ሴቶች! ዘመዴ ናት ብያለሁ፣ በቃ።

ልጆቹን ላስቲክ አልብሰው ዝናብ ውስጥ ይለቋቸዋል። ዝናብ ውስጥ! እናቴ ብታይ ፖሊስ ትጠራለች።

አንዲት የኛ መልክ ያላት አለች። ናጽነት። ሦስት ዓመቷ ነው። ቤተሰቧ ኤርትራውያን ናቸው፤ እሷ ግን አፏን የፈታችው በኖርዌይኛ ነው። ኮት ልበሺ፦ "ነይ!" ወተት ጠጪ፦ "ነይ!" ወተቱን ሲወስዱባት፦ "ነይ!" ስሟን ያወጡላት ሰዎች አውቀው ነው።

ቆንጂት ጎንበስ አለችና እጇን ዘርግታ፣ መዳፏን ወደ ታች፣ ጣቶቿን እያጠፈች፣ "ነይ የኔ ቆንጆ፣ ነይ" አለቻት። ልጅቷ እጁን አየች። ፊቷን አየች። ቅንድቧን ሰብስባ...

"ነይ!"

ቆንጂት ወደኔ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "ጁመና! ሰማሻት? ጠራችኝ እኮ! በአማርኛ!" ሮጣ ሄዳ ብድግ፣ ግራ ጉንጭ፣ ቀኝ ጉንጭ። ናጽነት እንደ እንጨት ደርቃ ቀረች።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቆንጂት ሳቀች። እውነተኛውን ሳቋን፣ ድዷ የሚታየውን። ዘጋሁት።

ስንመለስ ሮምሶስ እስክንደርስ ስታወራ። "ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን መርጣ! ደም እኮ ነው፣ ደም ይጠራል።"

ዚፑ ዛሬ እስከ ግማሽ ተከፍቷል። አንድ ቀሚስ ወጥቶ ተሰቅሏል።

አልነግራትም። ስለሚያስቅ ነው? አዎ። ስለ ቀሚሱም ነው።

ነሐሴ 24፣ ሐሙስ

ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ። ናጽነት ዛሬም "ነይ" አለች፣ ዛሬም ተሳመች።

ነሐሴ 26፣ ቅዳሜ

የዝናብ ልብስና ጫማ ልንገዛ ኦከርን ገበያ ሄድን። የወሰዱን አቦይ ወልዳይ ናቸው፣ የናጽነት አያት። እኛው ሕንፃ ውስጥ፣ ከእትዬ መሱዳ ቤት በታች ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ መካኒክ፤ አማርኛቸውን ድሮ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው የተማሩት፣ ስድቡን አስቀድመው።

ሱቁ ውስጥ ቆንጂት ልብስ መለኪያ ክፍል ስትፈልግ የሠራተኞቹን በር ከፈተች። ሻጯ ከሩቅ፦ "ነይ ነይ ነይ!"

"መጣሁ፣ መጣሁ!" ብላ ቆንጂት ዘው አለች።

"ነይ! ነይ!"

ጭራሽ ወደ ውስጥ። ካርቶኖቹ መሃል ገብታ አንገቷን ብቻ ብቅ አደረገች። ሻጯ ክንዷን ይዛ አወጣቻት።

"ምን ዓይነት ሰው ናት? ነይ ብላ ጠርታ ትቆጣለች!"

አቦይ ወልዳይ ደግሞ ዋጋ ቀንሺ ብለው ይከራከራሉ። ሻጯ ራሷን እየነቀነቀች "ነይ" አለቻቸው። ቆንጂት ቆነጠጠችኝ።

"ኧረ በማርያም! ሽማግሌውን ነይ አለቻቸው!"

አሁን ምን ልበል? "እዚህ አገር ወንድና ሴት እኩል ነው። ለሁሉም ነይ ነው።"

ትንሽ አሰበች። "እውነትም ሠልጥነዋል" አለች።

አቦይ ወልዳይ ሳል ያዛቸው። ሳል ነው እንበል።

ባቡር ውስጥ ስለ ናጽነት ነገሩን። "እታ ቆልዓ ምን እንደነካት እንጃ። ቤት ያለችውን ድመት እያየች 'ነይ፣ ነይ' ትላለች፣ በእጇ አየሩን ትደበድባለች። ድመቷ ትሸሻለች። ስትሸሽ እሷ ታለቅሳለች።"

"ድመቷን ጠልታ ይሆናላ" አልኩ።

"ከጠላች በመሸሿ ለምን ታለቅሳለች?"

እኔ ምን አውቄ። ዘጠነኛ ክፍል ድመት አላስተማሩንም።

ማታ ቆንጂት የናቷን ፎቶ ከሻንጣው አውጥታ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ፎቶ ከተለጠፈ... አይደል?

ነሐሴ 29፣ ማክሰኞ

ሲሪ ጠራችን። በሩን ዘጋች። ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፤ እኔ ግማሹን ነው የሰማሁት፤ ግማሹ በቃኝ።

"አልተቆጣሁም" አለች በመጀመሪያ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ያስፈራሉ። "ግን ናጽነት ነይ ስትል ማቆም አለባችሁ። ትንሽ ልጅም ብትሆን ገላዋ የሷ ነው። ነይ ካለች፣ አትነሣም፣ አትሳምም።"

ቆንጂት አልገባትም። ፈገግ ብላ፣ "ስትጠራኝ እኮ ነው የምሄደው" አለች።

"አልጠራችሽም። አይሆንም ነው ያለችሽ።"

"ነይ አለችኝ።"

"ያ" አለች ሲሪ፣ ወደ ውስጥ ተንፍሳ። "ነይ። አይሆንም።"

ቆንጂት ፈገግታዋን ፊቷ ላይ ረሳችው። ዓይኗ እዚያው ሆኖ ወደ ኋላ ሲሄድ ይታየኛል... ሳህኑ፣ ሱቁ፣ አቦይ ወልዳይ። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"ታውቂ ነበር?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ትራሙ ላይ፦

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአውሮፕላኑ።"

"ሕፃን ልጅ በየቀኑ አትንኪኝ እያለች ስትለምነኝ... እኔ እስማታለሁ። አንቺ ትስቂያለሽ።"

"ስቄ ብቻ አይደለም።"

"እና ምንድን ነው?"

"ሻንጣሽ ተከፍቶ ነበር።"

ወደ መስኮቱ ዞረች።

ነሐሴ 30፣ ረቡዕ

ቀሚሶቹ ከመስቀያው ወርደዋል። ፎቶውም። ፕላስተሩ ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

የልውውጡን አስተባባሪ ዘካርያስን ደውላ አነጋገረች። የእሑድ አውሮፕላን ቦታ አለው። ለዓመት መለወጫ ደሴ ትደርሳለች። እኔ እቀራለሁ፤ እንደኔ ያለውን ማን መልሶ ይቀበላል።

"ደህና ነሽ?" ስላት "ደህና" አለች። ከብት እንኳን አላለችኝም።

ጳጉሜን 1፣ ሐሙስ

ከሥራ መልስ አቦይ ወልዳይ ቤት ወረድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸው ቆሞ ፊቴን አዩና እንደገና ሳቁ።

"እኔ እዚህ ስመጣ" አሉ፣ "ሰው ሁሉ 'ያ፣ ያ' ይለኛል። የቱ ነው ያ? እያልኩ ዞሬ ዞሬ አንገቴን አመመኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙም 'ያ' አለኝ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወለሉ ላይ ነበርኩ። ዛሬ ግን አለቀስኩ። ወይ ውርደት! ሽማግሌ ፊት!

"ኣንቲ ጓል፣ ምን ያስለቅስሻል?"

"ትሄዳለች።"

"ንገሪያታ።"

"ምኑን?"

"እንዳትሄድ የምትፈልጊ መሆንሽን ነዋ። ዝም ብለሽ አይብ በሳሙና ቦታ ከምታስቀምጪ።"

እትዬ መሱዳ ለሰው ሁሉ አውርታለች ማለት ነው።

ልነግራት ወጣሁ። በሩ ላይ ቆምኩ። ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ዚፑን ትታገላለች፤ የሹራቡ እጅጌ ተይዞባት። "ቆንጂት..." አልኩ። ቀና አለች። "...እጅጌው ወጥቷል" አልኩ።

ምን ዓይነት አፍ ነው የተሰጠኝ? ለማይረባው ሁሉ የሚቀድም።

ጳጉሜን 2፣ አርብ

ሳልረሳው ልጻፈው።

ለቆንጂት የመጨረሻ ቀን ነበር። ይዘንባል። ሰሞኑን ከናጽነት ርቃ ነው የምትውለው፤ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ሙዚየም እንደሚጎበኝ ሰው። ልጆቹን ተሰናበተች። ናጽነትን ግን ከሩቅ "ሃ ዴ" ብቻ አለቻት፣ ደህና ሁኚ ነው በነሱ። ወደ አጥሩ በር ሄደች። እኔ ተከተልኩ።

ከኋላችን፦

"ነይ!"

ቆንጂት ትከሻዋ ወደቀ። "ደህና ሁኚም አትበይኝ ነው የምትለኝ" አለች ሳትዞር።

"ነይ! ኮንጂ! ነይ!"

ዞርን። ናጽነት አሸዋው መሃል ቆማለች፣ በቢጫ ላስቲክ ልብሷ። እጇ ተዘርግቷል። መዳፏ ወደ ታች። ጣቶቿን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች፤ አየሩን የምትደበድብ ነው የምትመስለው።

ድመቷ!

ለካ ድመቷን እየጠራቻት ነበር! ቆንጂት በየቀኑ ጎንበስ ብላ በዚህ እጅ፣ በዚህ ቃል ስትጠራት... ተምራዋለች። አንድ የአማርኛ ቃል አላት፤ ድመቷ ግን ኖርዌይኛውን ብቻ ነው የምታውቀው።

ቆንጂት አልተንቀሳቀሰችም። ሲሪን አየች። ሲሪ ግራ ገብቷታል፤ ቃሉ እምቢ ይላል፣ እጁ ሌላ ነገር ይላል፣ ልጅቷ ልታለቅስ ነው።

ቆንጂት ወደኔ ዞረች። ከማክሰኞ ወዲህ በቀጥታ ያየችኝ ያን ጊዜ ነው።

"ጁመና... የትኛው ነው?"

እኔን! ሳሙና ብዬ አይብ ያስታጠብኳትን፣ ለሁሉም ነይ ነው ያልኳትን... እኔን ነው የምትጠይቀው።

"እጇን እዪ" አልኩ። "የኛው ነው። ወላሂ የኛው ነው።"

አመነችኝ። ሄደች። ግን ስትደርስ አላነሣቻትም። ጭቃው ላይ ተንበረከከችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ናጽነት አየቻት። በቀስታ መጣችና እርጥብ ግንባሯን ቆንጂት አንገት ሥር ወሸቀች።

"ያ" አለች ሲሪ ከኋላዬ። ወደ ውስጥ።

ትራሙ ላይ ነገርኳት። ቃሉ እንዲህ ነበር የወጣው፦ "አትሂጂ። የምቀልድበት ሰው የለኝም።" የተሻለ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ።

"ከብት" አለችኝ።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ዘካርያስ ጋ ደወለች።

መስከረም 1፣ ሁለት ሺህ፣ ረቡዕ

ሁለተኛ መግለጫ።

በነሐሴ 20 የወጣው የሐዘን መግለጫ ተሽሯል። የቆንጂት ሻንጣ ተፈትቷል። ባዶውን ቤት ውስጥ ከሚንከላወስ ብላ እትዬ መሱዳ ድንች ሞልታበታለች፤ በረንዳ ላይ ነው።

ትናንት አቦይ ወልዳይ ድመቷ አማርኛ ጀምራለች ብለው ነገሩን። በነይ ትመጣለች፣ በነይ ትሄዳለች፤ እጅ አይታ ነው። ሲሪ ደግሞ ዛሬ ከሁሉም ልጆች ጋር የእጁን ነይ ልታጫውት ነው፤ አስተማሪዋ ቆንጂት፣ ረዳቷ እኔ። ዘጠነኛን ሳላልፍ ኖርዌይ ውስጥ መምህር ሆንኩ!

ጠዋት ስነሣ ቆንጂት ቁርስ አቅርባልኛለች። "እንኳን አደረሰሽ! ለሁለት ሺህ ከኔ እጅ ብዪ" አለች፤ እንደ ሙሽራ ቀና ብላ፣ ፊቷ ላይ አንድ መስመር ሳይንቀሳቀስ። ዳቦ፣ ከላዩ ቡናማ አይብ በስሱ የተቆረጠ። ገመጥኩ።

አረፋ ወጣ።

የልብስ ሳሙና! ኦከርን ድረስ ሄዳ፣ ቀለሙን መርጣ! ሳሎኑ ወለል ላይ ተንከባለለች፤ ድዷ ሁሉ ታየ። እትዬ መሱዳ የባቡር ዩኒፎርሟን እንደለበሰች በር ላይ ቆማ "ሐቅሽን ነው ያገኘሽው" ትላለች። አፌ አሁንም፣ ይህን እየጻፍኩ፣ ሽቶ ሽቶ ይለኛል። ስናገር ከበፊቱ ንጹሕ እሆን ይሆን?

ነገሩን መለስ ብዬ ሳየው... ያን ሁሉ መግለጫ፣ ያን ሁሉ እንባ ሽማግሌ ፊት። ማን ሞተ? ምን ተቃጠለ? ነ እና ይ። ሁለት ፊደል ነው እኮ።